«እልህ»፦ የቃሉ ትርጉምና ያላግባብ አጠቃቀሙ

ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በሚጻፉ ልብ ወለዶች፣ በመድረክ በሚታዩ ተውኔቶችና በየስብሰባው በሚደረጉ ንግግሮች አንድ ቃል እየተመላለሰ ይሰማል፤ «እልህ»። የቢቸና ሰው እልኸኛ ነው፤ የሞጣ ሰው እልህ ከያዘው አይመለስም፤ በ1960 ዓ.ም. ሁለቱ አውራጃዎች በመንግሥት ላይ የተነሡት በእልህ ነው ይባላል። ይህን የሚለው ተናጋሪ አንዳንዴ ለማመስገን፣ አንዳንዴም ለመንቀፍ አስቦ ነው። አመስጋኙም ነቃፊውም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ቃሉን የጠባይ ስም አድርገው ይወስዱታል፤ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት የትውልድ ምልክት ያስመስሉታል። ይህ አመለካከት ከቃሉ ትርጉም ጋር አይስማማም፤ ታሪክን ያድበሰብሳል፤ ኪነ ጥበብንም ያደኸያል።

ጉዳዩ የቃላት መራጮች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለምን እንደ ተነሣ ሲጠየቅ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ከተመለሰ፣ የበደለው ወገን ከምርመራ ነጻ ወጣ ማለት ነው። በዳይ የሌለበት በደል፣ ምክንያት የሌለው ቁጣ፣ ታሪክ የሌለው ጀግንነት የሚፈጠረው እንዲህ ካለው የቃል አጠቃቀም ነው።

ቃሉና ጎረቤቶቹ

የአንድ ቃል ትርጉም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው አብሮት በሚሄደው ግስ ነው። አማርኛ ኀይለኛ ስሜትን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ዐይነት ግስ አይቀበሉም። ቁጣ ይገነፍላል፤ ኋላም ይበርዳል። ቂም ይቋጠራል፤ ተቋጥሮም በሆድ ይቀመጣል። ቁጭት ያንገበግባል፤ የሚያንገበግበውም ባለቤቱን ራሱን ነው። ወኔ ይቀሰቀሳል፤ በክፉ ቀንም ይከዳል። እልህ ግን ይይዛል፤ ሰዎች ይጋቡታል፤ አንዱ ይውጠዋል፤ ሌላው ይወጣዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው «ተጋቡ» የሚለው ነው። «ሁለቱ ሰዎች እልህ ተጋቡ» ይባላል፤ ወንድና ሴት በሦስት ጉልቻ ሲጣመሩ የሚነገረውም ግስ ይኸው ነው። «ወኔ ተጋቡ»፣ «ቁጭት ተጋቡ» የሚል አማርኛ ግን የለም። «ተቀያየሙ» ማለት እንዳለ የሚጠቅስ ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ሆኖም የተቀያየሙ ሰዎች የያዙት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቂም ነው፤ አንዱ ቂም መቋጠሩን ሌላው ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እልህ ግን ተደብቆ አይኖርም። በሁለት ወገኖች መካከል፣ ፊት ለፊት፣ ሰው እየሰማና እያየ የሚቆም ስሜት ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ እልህ ምክንያት አለው። ያለ ምክንያት የሚቈጣ ሰው አለ፤ ያለ ምክንያት እልህ የሚይዘው ሰው ግን አይታወቅም። ሰውየው ተንቋል፤ ወይም የተገባለት ቃል ታጥፎበታል፤ ወይም የሚገባውን ተከልክሏል፤ ወይም ደግሞ «አትችልም» ተብሏል። እልህ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ እልህ እኩልነትን ይጠይቃል። ሰው ከጎርፍና ከበረዶ ጋር እልህ አይጋባም። ዐባይ ሞልቶ መንገድ የዘጋበት ነጋዴ ያዝናል፣ ይበሳጫል፤ እልህ የሚይዘው ግን አሻግርሃለሁ ብሎ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ በካደው ሰው ላይ ነው። «አራሹ ከበሬው ጋር እልህ ተጋባ» ቢባል ሰሚው ይሥቃል፤ የሚሥቀውም ገበሬው በሬውን እንደ ሰው ስለ ቈጠረው ነው። በቀድሞው ዘመን ጌታ በሎሌው ላይ ይቈጣል እንጂ ከሎሌው ጋር እልህ ተጋባ አይባልም ነበር። ከተባለ ጌትነቱ ወርዷል፤ ሎሌው ሰውነቱን አስመስክሯል ማለት ነው። እንግዲህ እልህ የያዘው ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ «እኔ ካንተ አላንስም» እያለ ነው።

ሦስተኛ፣ እልህ መጨረሻ አለው። ሰው እልሁን ይወጣዋል፤ አለዚያም ይውጠዋል። የተወጣው ያርፋል፤ የዋጠው ግን ወይ ይታረቃል፣ ወይ ስሜቱ ተለውጦበት ቂም ይሆናል። ቂም የእልህ ዝገት ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ መናገር ጦርንና ዝገቱን አንድ አድርጎ እንደ መቍጠር ነው።

«እልህ ምላጭ ያስውጣል» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ ስሜቱን ከእብደት ተራ የሚያሰልፉ አሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ እልህ ባለቤቱን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ምላጭ የዋጠ ሰው ሲገኝ አስተዋይ ሰው የሚጠይቀው ምን አደረሱበት ብሎ ነው። ተረቱ ይህን ጥያቄ ለሰሚው ይተወዋል፤ ጥቅስ አዘውታሪው ግን ጥያቄውን ራሱን ይሰርዘዋል።

ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም.

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ገበሬው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ ልክ ግብር እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። በጎጃም ግን መሬት ርስት ነበር፤ ገበሬው የሚያርሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ትውልድ ቈጥሮ የደረሰውን ድርሻ ነው። ገቢው ይገመት ዘንድ መሬቱ መታየት አለበት፤ ለዚህም ከውጭ ገማች ይመጣል። የገበሬው ስጋት ከዚህ ላይ ነበር። ዛሬ የተገመተው ነገ ይለካል፤ ነገ የተለካው ከነገ ወዲያ ይወሰዳል አለ።

ይህ ስጋት ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ተከታትለው የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው፣ መንግሥት ሕዝቡ በቀድሞው የግብር ልማዱ እንዲቀጥል ለመተው ተገዶ ነበር። ስለዚህ ገበሬው አዲሱን አዋጅ እንደ ታጠፈ ቃል ቈጠረው።

ቀድሞ የተነሣውም ጠመንጃ አይደለም። አቤቱታ ቀደመ። ገበሬዎች ሽማግሌ መርጠው ላኩ፤ ግብሩ እንዲቀርላቸው፣ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም እንዲነሡላቸው ጠየቁ። ሰሚ ሲያጡ ገማቾችን ከቀያቸው አናስገባም አሉ። ነገሩ ወደ ጦር መሣሪያ ያመራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሞጣና ቢቸናም የዐመፁ ዋና ዋና ማእከሎች ሆኑ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ልኮ መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፤ የግብር ውዝፍ ተማረ፤ የተፈራው ልኬትም ሳይፈጸም ቀረ።

የእልህ ሦስቱ ምልክቶች እዚህ ላይ ተሟልተው ይገኛሉ። ምክንያት አለ፤ የርስት ስጋትና ያልተሰማ አቤቱታ ነው። የእኩልነት ጥያቄ አለ፤ ገበሬው አልከፍልም ብቻ ሳይሆን ሳልጠየቅ አይወሰንብኝም ብሏል። መጨረሻም አለ፤ የጠየቀውን ባገኘ ጊዜ ወደ እርሻው ተመልሷል። በተፈጥሮው ዐመፀኛ የሆነ ሕዝብ ውዝፍ ሲማርለት ሞፈርና ቀንበሩን አያነሣም። «እልኸኛ ስለ ሆነ ዐመፀ» የሚለው አባባል ነገሩን የኋሊት ያስኬደዋል። እልህ የበደሉ ውጤት ሆኖ ሳለ የዐመፁ መነሻ ተደርጎ ይቀርባል፤ በደሉም በዚህ መካከል ከዓይን ይሰወራል።

የጠባይ ፍች የሚወድቅበት ሌላም ማስረጃ አለ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ፣ በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት፣ ሕዝብ መሣሪያ አንሥቶ ነበር። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. በጌዴኦ ገበሬዎች በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተዋል። የሦስቱ አገሮች ሕዝብ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በመሬት ሥሪት የተለያየ ነው። በሦስቱም ግን የመሬት፣ የሚከፈል ነገርና የማይሰማ ሹም ጉዳይ ነበረ። የጎጃሙ በእልኸኝነት ከተፈታ የባሌውና የጌዴኦው በምን ሊፈታ ነው? ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ አንድ ጠባይ እየፈለጉ ከመስጠት ሦስቱም የተሸከሙትን ሸክም መመልከት ይቀላል።

በሌላ በኩል የጎጃም ገበሬ ርስቱን በመከላከሉ ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ነው የሚሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ፣ የሞጣ ገበሬ ከሦስት ዓመት በኋላ የአባቴን ርስት አትንኩ ማለቱ የሚቃረን መስሏቸው ነበር። በዐመፁ ውስጥ የራሳቸውን ጥቅም ያሰሉ የአገር ባላባቶች አልነበሩም ማለት አይቻልም። ነገር ግን መሬቱን የሚያርሰው ባለ ርስት ራሱ በሆነበት አገር፣ ርስትን መከላከል አራሹን ከመሬቱ ጋር ማቆየት ነው። ይህን ያላየ ምሁር የገበሬውን እልህ ግትርነት ብሎ ቢጠራው የጎደለው የቃል ዕውቀት ብቻ አይደለም።

በመድረክ ላይ የቀረ ጩኸት

የቢቸና ስም ሲነሣ በላይ ዘለቀ መነሣቱ አይቀርም። በላይ አምስቱን የወረራ ዓመታት በምሥራቅ ጎጃም ጠላትን ሲዋጋ ቈየ፤ ሠራዊት አደራጀ፤ ለተከታዮቹም በገዛ ሥልጣኑ ማዕርግ ሰጠ። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ የቢቸና አውራጃ ገዥ ሆነ። በስደትና በባንዳነት የቈዩ ሰዎች ከዐርበኛው በላይ ሲሾሙ ማየት በዚያ ዘመን የብዙ ዐርበኞች ቅሬታ ነበር። በላይም ከበላይ ሹሞች ጋር ተጋጨ፤ ተከብቦ ተያዘ፤ ሞት ተፈርዶበት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር አመለጠና እንደ ገና ተይዞ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አገር ነጻ ከወጣ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ደራሲ ሊያወጣው የሚችለው ጥያቄ ብዙ ነው። ነጻነት ማለት ለማን ነው? ሳይሾሙት ራሱን ሠርቶ የመጣ ሰው በሹመት በሚኖር ሥርዓት ውስጥ ምን ቦታ አለው? ነገር ግን በየበዓሉ በችኮላ የሚዘጋጁ ትርኢቶች ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ትተው ጎፈሬ፣ ጋሻና ጩኸት ያቀርባሉ። ተዋናዩ ይሸልላል፤ ይፎክራል፤ ደረቱን ይደቃል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ሽለላና ቀረርቶ የሕዝቡ ክቡር ጥበቦች መሆናቸው አያጠያይቅም። ሆኖም የሚያገለግሉት ወኔን ለመቀስቀስ ነው። እልህን ብቻቸውን ሊያሳዩ አይችሉም፤ ምክንያቱም እልህ ያለ በዳይ አይታይም። በዳዩ ከመድረኩ በወጣበት ትርኢት ውስጥ የሚቀረው ከማን ጋር እንደ ተጣላ የማይታወቅ፣ ብቻውን የሚጮኽ ሰው ነው።

ተዋናዮችም ሊያጤኑት የሚገባ ነገር አለ። እልህ የያዘው ሰው ሁልጊዜ አይጮኽም። እልሁን የዋጠ ሰው ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ቃሉ ያጥራል፤ ዓይኑ ከባላጋራው አይነሣም። በሽምግልና የተቀመጠ፣ በችሎት ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ፣ ለአቤቱታ ከሹም ደጅ የሰነበተ ገበሬ ያየ ተዋናይ ይህን ያውቀዋል። ዝምታን መተወን ከጩኸት የበለጠ ጥናት ይጠይቃል።

ሥነ ጽሑፋችን ግን ቃሉን በሚገባ የተጠቀመበት ጊዜ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ የምሥራቅ ጎጃምን የትምህርት ቤቶች፣ ዲማንና ደብረ ወርቅን፣ ተምረውባቸው ያውቋቸዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ፣ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሉ ገበሬዎች ላይ በእርጅናቸው ዘመቱ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎችም ተዋግተው ማረኳቸው። ደራሲው ገበሬውን እልኸኛ ብለው በጅምላ አልፈረጁም። መጀመሪያ የተጠየቀውን ነገር አሳዩ፤ ቀጥሎ እምቢታውን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጦርነቱን። አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ስለሚያውቅ የገበሬዎቹ ስሜት ከየት እንደ መጣ አስረጅ አያሻውም። የመጽሐፉ መውጣትና የሞጣና የቢቸና መነሣት በሁለት ዓመት ብቻ መራራቃቸውም ደራሲው የሚጽፉለትን ሕዝብ ምን ያህል ያውቁት እንደ ነበር ይመሰክራል።

እልህ ለጠብ ብቻ የተፈጠረ ስሜት አለመሆኑንም እነዚያው ትምህርት ቤቶች ያሳያሉ። በቅኔ ቤት አንዱ ተማሪ የተቀኘውን ሌላው ሊበልጥ ይጥራል፤ የተበለጠው ሌሊቱን ሲቈጥር አድሮ በማግስቱ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። ሁለቱም ቆሎ ለምነው የሚማሩ፣ በአንድ ጎጆ የሚያድሩ እኩያሞች ናቸው። እዚህ ላይ እልህ ሰው አልገደለም፤ ቅኔ ወለደ። የሚለየው የተዘጋጀለት መውጫ ነው።

ቃሉን የማድከምና የማርከስ አደጋ

ዛሬ ቃሉን ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች ይጠብቁታል። አንዱ መድከም ነው። «እልህ አስጨራሽ» የሚለው ሐረግ ትልቅ ሐረግ ነበር፤ ሁለት እኩያ ወገኖች ያላቸውን እልህ ሁሉ አውጥተው እስኪጨርሱ የሚፈትን ነገር ማለት ነው። አሁን ግን ለረዘመ ስብሰባ፣ ለተጓተተ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ለማንኛውም ዘመቻና ለማንኛውም ድርድር ይለጠፋል። ማን ከማን ጋር እንደ ተጋጠመ፣ በምን ምክንያት እንደ ሆነ አይነገርም፤ ቃሉ ለጌጥ ተቀምጧል። ሪፖርት ጸሓፊው ቃሉን ሲያወጣ የሚጠፋ ነገር ከሌለ፣ ባያስገባው ይሻል ነበር።

ሁለተኛውና የከፋው መርከስ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነዋሪዎች ሱቆችም ተዘርፈው ነደዱ። እንዲህ ያለውን ድርጊት «ወጣቱ በስሜት ተነሣሥቶ»፣ «በእልህ ተገፋፍቶ» እያለ ለማለፍ የሚቃጣው ብዕር ቢኖር፣ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ሱቁ የነደደበት ነጋዴ ማንን በደለ? መስጊዱ ከማን ጋር ተፎካከረ? ባዶ እጁን የቆመን ጎረቤት በመንጋ ከብቦ ማጥቃት ከየትኛው እኩልነት ይመጣል? ምክንያት የለውም፤ እኩያ የለውም፤ ከአመድ በቀር መጨረሻም የለውም። ስለዚህ እልህ አይደለም። የሚገባው ስም ወንጀል ነው። ለአጥፊው የአያቶቹን ቃል ማልበስ፣ ጠመንጃ ከማንሣታቸው በፊት ሽማግሌ የላኩትን የ1960ዎቹን ገበሬዎች ከእርሱ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ይህን ልዩነት ማወቅ የቅንጦት ዕውቀት መሆኑ ቀርቷል። ሕዝብ በተጨነቀበት ጊዜ ስሜት ቀስቃሽ ቃል ርካሽ ነው፤ ከየአቅጣጫው ይወረወራል። «እልኸኛ ሕዝብ» እያለ የሚያሞካሽ ሰው ሌላው እንዲሞት እየጋበዘ ሊሆን ይችላል። «እልኸኛ ሕዝብ» እያለ የሚነቅፍም ሰው አቤቱታን ላለመስማት ምክንያት እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሕዝቡን አልጠየቁትም።

የአገር ሽማግሌ የሚሠራው ከዚህ የተለየ ነው። እልህ የያዘው ሰው ሲመጣበት ወዲያው «ተወው» አይለውም፤ በርታም አይለውም። አስቀድሞ «ምን ሆንህ?» ይለዋል። በዳዩንም አስጠርቶ ይሰማል። በደሉ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ካሳው ይነገራል፤ እርቁ ይመጣል፤ እልህም ወደ ቂም ሳይዝግ መውጫ ያገኛል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥያቄው ከምክሩ ይቀድማል።

ደራሲውም፣ ተዋናዩም፣ መምህሩም፣ በየቀበሌው ሕዝብ የሚያወያየው የአስተዳደርና የባህል ሠራተኛም ሊከተሉት የሚገባው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። መምህሩ የ1960ውን ታሪክ ሲያስተምር ከአዋጁና ከአቤቱታው ይጀምር። የተውኔት ጸሓፊው በላይን ሲያቆም በዳዩንም በትይዩ ያቁም። ሪፖርት ጸሓፊው «እልህ» የሚለውን ቃል ከመጻፉ በፊት ማን፣ ከማን ጋር፣ ስለ ምን ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ካጣ ቃሉን ይተወው። የሞጣና የቢቸና ሕዝብ ስለ ጠባዩ የሚነገር ምስጋናም ሆነ ወቀሳ አልጠየቀም። የጠየቀው አቤቱታው እንዲሰማለት ነው፤ ቃሉም የሚናገረው ይህንኑ ነው።